ከብቸና እስከ ሞጣ፦ አባቶች አዲስ ሐሳብን ለምን ፈሩ?



ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን መንገድ የምታውቁ፣ ዛሬ የምንናገርበትን አገር ታውቁታላችሁ። ግራና ቀኙ የእህል ማሳ ነው፤ በየጉብታው ላይ በዛፍ የተከበበ ደብር ይታያል። ከብቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። መንገዱ ላይ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ወደ ምሥራቅ ገባ ሲሉ መርጡለ ማርያም፣ ቀጥሎም ሞጣ ጊዮርጊስ። ይህ አገር የሊቃውንት አገር ነው።

በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ወጣት አማኞችም ሆኑ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያሉ ወዳጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «በአውሮፓ የአብርሆት ዘመን በመጣ ጊዜ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ተባብረው አዲሱን ሐሳብ ተቃወሙ ይባላል። በእኛስ አገር ምን ሆነ? ለምንስ ነው ሥልጣን ያላቸው ሰዎች አዲስ ሐሳብን የሚፈሩት?» አንዳንዶች ይህን የሚጠይቁት በቁጣ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው በማንበባቸው ብቻ ከዘመድ የተለዩ፣ ከማኅበርና ከእድር የወጡ አሉና። ሌሎች ደግሞ በንቀት ይጠይቁታል። «አባቶቻችን ስላልተማሩ ነው» ብለው መልሱን ራሳቸው ይሰጡታል።

እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር መልሱ አለመማር ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ብዙውን ጊዜ የተቃወሙት የተማሩት ነበሩ። ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ቅዱስ ቃሉ ብንሄድ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ እናገኘዋለን። ጌታ አልዓዛርን ካስነሣ በኋላ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ሸንጎ ተቀመጡ። ምልክቱ ውሸት ነው ብለው አልተከራከሩም። የፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ በእርሱ ቢያምን ሮማውያን መጥተው ሥፍራቸውንና ወገናቸውን እንዳይወስዱባቸው ፈሩ። ሥፍራ ማለት ቦታቸው፣ ክብራቸው፣ ሥልጣናቸው ነው። ወገን ማለት ሕዝባቸው ነው። በዚህ ፍርሃት ውስጥ ራስ ወዳድነት አለ፤ እውነተኛ የአገር ጭንቀትም አለ። ሁለቱ ተደባልቀዋል። ይህን ቃል ይዘን ታሪኩን እንይ። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአውሮፓ የሆነው

የአብርሆት ዘመን የምንለው በተለይ በ1700ዎቹ በአውሮፓ የተነሣውን እንቅስቃሴ ነው። ዋና ሐሳቡን ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1784 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሲገልጸው፣ ሰው በሌላ ሰው ሞግዚትነት መኖሩን ትቶ በራሱ አእምሮ ለማሰብ መድፈር አለበት አለ። ከዚህ ሐሳብ ብዙ ነገር ተከተለ። ንጉሥ ሥልጣኑን ከየት አገኘው? ሰው በእምነቱ ምክንያት ለምን ይቀጣል? የተጻፈ ሁሉ ለምን አይመረመርም? ተብሎ ተጠየቀ።

ባለ ሥልጣኖቹ ደነገጡ። በፈረንሳይ የዘመኑን ዕውቀት ሁሉ ሊሰበስብ የተነሣው ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ በ1752 ታገደ፤ በ1759 ደግሞ የማሳተም ፈቃዱ ተሰረዘ። ካንትም ስለ ሃይማኖት በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት በ1794 ከፕሩሲያው ንጉሥ ተግሣጽ ደረሰበት።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ስንሰማ «የካቶሊክና የነገሥታት ነገር ነው» ብለን እንዳናልፈው አንድ ነገር እናስታውስ። በ1762 የሩሶ መጻሕፍት የተቃጠሉት በፓሪስ ብቻ አልነበረም። የካልቪን ከተማ በሆነችው በጄኔቫም በባለ ሥልጣናት ትእዛዝ ተቃጥለዋል። የእኛ አባቶችም ፈርተዋል፤ እሳትም አንድደዋል።

በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ዣን ካላ የተባለ ፕሮቴስታንት ነጋዴ፣ ልጁን ካቶሊክ እንዳይሆን ገድሎታል በሚል ሐሰተኛ ክስ በመንኮራኩር ላይ አጥንቱ ተሰባብሮ ተገደለ። የዚህን ሰው ጉዳይ ይዞ አውሮፓን ሁሉ ያስጮኸው ማን ነበር? ፓስተር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንን በመንቀፍ የታወቀው ቮልቴር ነበር። በ1765 ፍርዱ ተሽሮ ካላ ንጹሕ መሆኑ ታወጀ። በ1787 ደግሞ ለፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ጋብቻቸውና የልጆቻቸው ልደት በሕግ እንዲመዘገብ ተፈቀደላቸው። እግዚአብሔር ሕዝቡን የሚረዳበት መንገድ ሁልጊዜ እኛ በምንጠብቀው በኩል አይመጣም።

የሊቃውንት አገር

ወደ ቤታችን እንመለስ። በምሥራቅ ጎጃም ሰው ማሰብን አልፈራም። የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ይህን ይመሰክራል። ተማሪው ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ በየዕለቱ አዲስ መውለድ አለበት። በሰሙ ጻድቅን ሲያመሰግን በወርቁ መኳንንቱን ሊነካ ይችላል። መምህሩ ያርመዋል፣ ጓደኞቹ ይሟገቱታል። ይህ የሰላ አእምሮ የሚወለድበት ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ አገር የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን ዲማ ጊዮርጊስ ላይ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ ስለ ዘር ክብር፣ ስለ ማዕረግ፣ ስለ ልማድ ይጠይቃል። የሚናገረውን የሚመልስለት የለም፤ ስለዚህ አብዷል ይባላል። የሚያስብ ሰው ነበረ፤ የሚያስበውን ግን እንደ እብድ ካልተቆጠረ በቀር በአደባባይ መናገር አይችልም ነበር።

ብዙዎቻችሁ ስለ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብም» ትጠይቁን ይሆናል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ተሰዶ በዋሻ የተሸሸገ አንድ ሊቅ፣ እያንዳንዱ ወገን የእኔ ብቻ እውነት ነው ሲል ማን ይፈርዳል ብሎ የጠየቀበት መጽሐፍ ነው። የእጅ ጽሑፉ በ1800ዎቹ አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣሊያናዊ ካቶሊክ መነኩሴ በኩል ስለ ወጣ፣ የጻፈው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩን ለእነርሱ እንተው። ጥያቄው ግን የዚያን ዘመን ቁስል በትክክል ይነካል። ቁስሉም ምን እንደነበረ እንይ።

አንደኛው ምክንያት፦ ያልዳነ ቁስል

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ነበሩ፤ የአዲሱ ሃይማኖትም ዋና ደጋፊ ሆኑ። ኢየሱሳውያን መርጡለ ማርያም ድረስ መጥተው በቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ሕንፃ አሠሩ። ከፖርቱጋል የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ፈለጉ። ይህ ሁሉ በስብከት ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ግን በንጉሥ አዋጅና በጦር ሆነ። ሕዝቡ ዐመፀ። ገበሬው በጦር ሜዳ አለቀ። በ1632 ንጉሡ የወገናቸውን ሬሳ አይተው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፤ መንበራቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያን ተባረሩ።

ከዚያ በኋላ «ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት» ሲባል የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያስታውሰው ምን ነበር? የተቃጠለ ቤትና የሞተ ወንድም። ስለዚህ በኋለኛው ዘመን አንድ ፈረንጅ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ሰዉ አስቀድሞ የጠየቀው «ከኋላህ የመጣው ጦር የት አለ?» የሚለውን ነበር። ይህን ፍርሃት ድንቁርና ብለን ብንጠራው እንበድላቸዋለን። ሕዝባቸውን ማጣት ምን እንደሆነ አይተውታል።

ሁለተኛው ምክንያት፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሃይማኖት

ኢየሱሳውያን ከሄዱ በኋላ ግን ጥያቄያቸው ቀረ። «ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው ቃል ምን ማለት ነው?» በሚለው ላይ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ተከፋፈሉ። ቅባት የተባለው ትምህርት በጎጃም፣ በተለይም በምሥራቁ ክፍል በታላላቆቹ ደብሮች ሥር ሰደደ። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ተዋሕዶ ብሎ ተከራከረ።

እስከዚህ ድረስ ሊቃውንት መጽሐፍ ገልጠው መከራከራቸው የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ዳኛው ንጉሡ መሆኑ ላይ ነበር። አንዱ ንጉሥ ቅባትን ሲደግፍ ተዋሕዶዎቹ ተሰደዱ፤ ሌላው ሲገለብጠው ቅባቶቹ ተሰደዱ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (1716–1721) የቅባት ወገን በጉባኤ ከተፈረደለት በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር በወታደር እጅ ተገደሉ። በ1854 ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው በአምባ ጫራ ሃይማኖት አንድ ይሁን ብለው ሌላውን ከለከሉ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው ክርክሩን በአዋጅ ዘጉት፤ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ።

ነገሥታቱ ለምን እንዲህ አደረጉ? ከዘመነ መሳፍንት የወጣች፣ ከግብፅና ከደርቡሽ ጦር ጋር የተፋጠጠች አገር ይዘው ነበር። ሃይማኖት ከተከፈለ መንግሥት ይከፈላል ብለው አመኑ። የአብርሆት ሰዎች «ሁለት ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በአንድ ሕግ ሥር በሰላም መኖር ይችላሉ» ባሉት ላይ እነዚህ ነገሥታት ተቃራኒውን ያዙ። አስቡት፤ ንጉሡ በሃይማኖት ላይ ዳኛ ሲሆን ሃይማኖትን መጠየቅ ንጉሡን መካድ ይሆናል። የምሥራቅ ጎጃም ሊቅ ስለ ቅባት ሲጽፍ ስለ ክርስቶስ የጻፈ ይመስለዋል። ንጉሡ ግን ዐመፅ ሆኖ ያነብበዋል።

ሦስተኛው ምክንያት፦ የመተርጎም ሥልጣን

ሦስተኛው ምክንያት ከሥፍራ ጋር የተያያዘ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት በግእዝ ነበሩ፤ ትርጓሜውን የሚያውቅ ሊቅ ነበር። መሬቱ በርስትና በጉልት የተያዘ ነበር፤ ደብሩም ባለ መሬት ነበር። ገበሬው በራሱ ቋንቋ አንብቦ ቢጠይቅ የሚነቃነቀው አንድ ሐሳብ ብቻ አልነበረም። ማን ያስተምር፣ ማን ይግዛ፣ ማን ይገብር የሚለው ሁሉ አብሮ ይነቃነቃል።

ለዚህ ነው ዐፄ ምኒልክ በ1908 ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ካህናቱን ለማረጋጋት አስተማሪዎቹን ከግብፅ፣ ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን ያስመጡት። ለዚህም ነው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን የሚያህል ሊቅ ጭንቅ ያገኘው። በቤጌምድር ተወልዶ፣ በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተማረ፣ በበርሊን ግእዝና አማርኛ ያስተማረ ሰው ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ካህናት በሃይማኖት ከሰሱት፤ ታሰረም። ግእዙን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ጠንቅቆ ያውቃል። የከበዳቸውም ይኸው ነው፤ ያንኑ ዕውቀት ይዞ በእነርሱ ሥልጣን ሥር አልቆም አለ።

ከጎጃም የወጣው ሽማግሌ

ሦስቱን ምክንያቶች ካየን፣ ይህ ሁሉ ፍርሃት ባለበት ዘመን እግዚአብሔር በዝምታ ምን ይሠራ እንደነበር ደግሞ እንናገር። ይህን ታሪክ የጎጃም አማኝ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው አብርሃም በ1750 አካባቢ በጎጃም ተወለደ። ገና ጎልማሳ ሳለ ከአገሩ ወጥቶ ግብፅን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስን፣ ሕንድንም አየ። በሕንድ በካልካታ የሰር ዊልያም ጆንስ እንግዳ እንደነበር ይነገራል። ጆንስ ከአብርሆት ዘመን ታላላቅ የቋንቋ ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ስለ ጎንደርና ስለ ዐባይ ምንጭ አብርሃም ከሚባል ሐበሻ ጋር ያደረገውን ጭውውት ጽፎ አሳትሟል።

ሽማግሌው ካይሮ ተመልሶ በታመመ ጊዜ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አስላን ደ ሼርቪል ረዳው። አስላን የምሥራቅ ቋንቋዎችን አጥብቆ ይወድድ ነበር። ሁለቱ ተስማምተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመሩ። በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ 10 ዓመት ሠሩ። ሥራው ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ሥራው ሲታተም ሳያይ በ1819 ገደማ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን በ1820 ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ።

ይህን ልብ በሉት፣ ወገኖቼ። የዚያን ጊዜው የፈረንሳይ መንግሥት ከአብዮት የወጣ ነው፤ ቆንስሉም የተነሣው በቋንቋ ፍቅር ነው። የጎጃሙ ሰው ደግሞ የአገሩን ሊቃውንት ትምህርት በልቡ ይዞ የወጣ ነው። የአብርሆት ዘመን የዕውቀት ጥማትና የጎጃም ትምህርት በካይሮ ተገናኙ፤ እግዚአብሔርም ከዚያ ቃሉን በአማርኛ አወጣ። ሳሙኤል ጎባት በ1830 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ያደላቸው የታተሙ ወንጌላት ከዚህ ሥራ የመጡ ነበሩ።

ተቃውሞው ግን ወዲያው ተነሣ። የጎባት የሥራ ባልደረባ ኢዘንበርግ በ1838 ከዓድዋ ተባረረ። ሰውየው ሄደ፤ መጽሐፉ ግን ቀረ።

ሥልጣኔ የግብር ሰብሳቢ ልብስ ለብሶ ሲመጣ

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፈለ፤ ሚሲዮኖች የሚሰብኩበት ክፍት አካባቢና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ። በሁለተኛው፣ እንደ ጎጃም ባለው አገር፣ ሚሲዮኖች ሕክምናና ትምህርት እንጂ ሃይማኖት ማስለወጥ አልተፈቀደላቸውም። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን በአንቀጽ 126 አጸና።

ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ከፍተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዕውቀቱን ፈልገዋል። ጥያቄውን ግን አልፈለጉም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ተነሣ፤ ሞጣና ብቸና ከዐመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። ገበሬው መሬት መለካት የርስት መነጠቅ መጀመሪያ እንዳይሆን ፈራ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ የግብር ውዝፍም ተሰረዘ።

ይህ የምንናገረውን ነገር ሌላኛ ገጽ ያሳየናል። አዲስ ነገርን የሚፈሩት ባለ ሥልጣኖች ብቻ አይደሉም፤ ገበሬም ይፈራል። ሳይጠየቅ፣ ሳይረዳ፣ በላዩ ላይ በአዋጅ የሚወርድበት ነገር ሁሉ በዐይኑ የሱስንዮስን ጦር ይመስላል። ባለ ሥልጣን ሕዝቡን ለመታዘዝ እንጂ ለመረዳት ካልፈለገው፣ መልካሙ ሐሳብ እንኳ ቀንበር ይሆናል።

ብርሃን ነኝ ያለው ጨለማ

«እንግዲያው አዲስ ሐሳብ ሁሉ መልካም ነው ማለታችሁ ነው?» ትሉን ይሆናል። አይደለም። የፈረንሳይ አብዮት በምክንያታዊነት ስም ተነሥቶ ብዙ ንጹሓንን በጊሎቲን ቆረጠ። በአገራችንም ደርግ በ1966 ዓ.ም. ሲመጣ የቤተ ክርስቲያንንና የመንግሥትን ቁርኝት በጠሰ፤ ብዙዎች ተደስተው ነበር። ነገር ግን «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም» ያለው ያ መንግሥት የወንጌላውያንን አብያተ ክርስቲያናት ዘጋ፣ አማኞችን አሰረ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተወስደው ተገደሉ። የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዘመን ተገደሉ። በአእምሮ ብርሃን ስም የመጣውም ሥፍራውን እንዳያጣ ሲፈራ ያንኑ ሰይፍ አነሣ። የሰው ልብ ያው ነውና።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የእምነትና የሕሊና ነፃነትን ይደነግጋል። ይህ ሐሳብ የአብርሆት ዘመን ፍሬ ነው። በብቸናም ሆነ በሞጣ የሚሰበሰብ አንድ ትንሽ የወንጌላውያን ኅብረት ዘሩን የዘሩት ሁሉ አማኞች ባይሆኑም የሚጠለለው በዚሁ ዛፍ ጥላ ሥር ነው።

እኛስ?

አሁን ጥያቄውን ወደ ራሳችን እናዙር። ሥፍራችንንና ወገናችንን እናጣለን ብለን የምንፈራው እኛስ ምንድን ነው?

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ አንድ ልጅ ስለ ሳይንስ፣ ስለ መከራ ወይም ስለ አንድ መጋቢ ትምህርት ጥያቄ ሲያነሣ ምን እንላለን? «አትጠራጠር፣ ብቻ ጸልይ» ብለን ከዘጋነው፣ ዲማ ላይ ጉዱ ካሣን ያሳበደው ልማድ በእኛም አዳራሽ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ነቢይ ነኝ የሚል ሰው ተመርምሮ አይታወቅም ከተባለ ዙፋን ሠርተንለታል። ሐዋርያው ጳውሎስን እንኳ የቤርያ ሰዎች ቃሉ እንዲህ ይሆንን ብለው በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ ሉቃስም በሐዋርያት ሥራ 17፡11 ልበ ሰፊዎች ብሎ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቶቻችንን እናስብ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆች ተቃጥለዋል። በዚያ ቀን እሳቱ የእኛን አዳራሽ ስላልነካ ዝም ያልን ካለን ንስሐ እንግባ። የሕሊና ነፃነት ለእኛ ብቻ ከሆነ ነፃነት አይደለም፤ ሥፍራ መያዝ ብቻ ነው። ነገ ቁጥራችን ቢበዛና ሥልጣን ብንይዝ ምን እንደምናደርግ የሚታወቀው ዛሬ ለሌላው በምንቆምበት መጠን ነው።

ሦስተኛ፣ የኦርቶዶክስ አባቶችን በንቀት አንናገር። ቃሉን ጠብቀው ያቆዩልን፣ ፊደሉን ያስተማሩን፣ አቡ ሩሚንም ያሳደገው ትምህርት የእነርሱ ነው። ፍርሃታቸው የመጣበትን ቁስል ብናውቅ ስንመሰክርላቸው ቋንቋችን ይለዝባል። ጦር ይዞ ያልመጣ ወንጌል እንዳለ ማሳየት የእኛ ፋንታ ነው።

በመጨረሻ አንድ ባለ ሥልጣን እናስታውስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ገማልያል በዚያው ጌታን በኰነነው ሸንጎ መካከል ተቀምጦ ነበር። ሐዋርያት ሊገደሉ በተቃረቡ ጊዜ ተነሥቶ ተዉአቸው አለ። ይህ ነገር ከሰው ከሆነ በራሱ ይጠፋል፤ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ልታጠፉት አትችሉም፣ ከእግዚአብሔርም ጋር ስትጣሉ ትገኛላችሁ ብሎ መከራቸው። ገማልያል በዚያ ጊዜ ክርስቲያን አልነበረም። ነገር ግን እውነት የሰው ሰይፍ እንደማያስፈልጋት ተረድቶ ነበር።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ላላችሁ ወዳጆቻችን የምንላችሁ ይህ ነው፤ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ። ቶማስ ጥያቄውን ይዞ መጣ፤ ጌታም አላባረረውም፣ እጁን ዘረጋለት። አእምሮአችሁን በር ላይ ትታችሁ እንድትገቡ የሚጠይቅ ክርስቶስ የለም። በፍጹም አሳባችሁ እንድትወዱት ነው የጠራችሁ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ሥፍራችንንና ወገናችንን ለማዳን ብለን እውነትህን የከለከልንበትን ጊዜ ይቅር በለን። ለምሥራቅ ጎጃም፣ ለብቸናና ለሞጣ፣ በእነዚያ ደብሮች ለሚማሩ ተማሪዎች፣ በመስጊድ ለሚሰግዱ ጎረቤቶቻችን፣ በትንንሽ ቤቶች ለሚሰበሰቡ ልጆችህ ሰላምን ስጥ። ያለ ፍርሃት የምንጠይቅ፣ ያለ ሰይፍ የምንመሰክር አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።